ለቤተ መጻሕፍት የሚሆን ሥርዓት አመራረጥ፦ ኤክሴል፣ ስሊምስ፣ ኮሃ ወይስ ዲስፔስ?

«የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ሲባል የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ «ኮሃ» ነው፤ ነፃ ነው፣ ስሙ የታወቀ ነው። መልሱ ግማሽ ልክ ነው። ፒያሳ አካባቢ ሁለት ሺህ መጽሐፍና አንድ ሠራተኛ ያለው የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ አምባሳደር አካባቢ ያለ የመሥሪያ ቤት የሰነድ ክፍል፣ ስድስት ኪሎ ያለ የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት አንድ ዓይነት ሥርዓት አያስፈልጋቸውም።

እዚህ የምናወዳድረው በሦስት መለኪያ ነው። አማርኛውን በትክክል ይይዛል? የጫነው ሰው ሥራ ሲለቅ ሌላው ሊያስቀጥለው ይችላል? የተመዘገበው መረጃ ሳይጎዳ ወደ ሌላ ሥርዓት ሊወጣ ይችላል? የገጹ ማማርና የአገልግሎቶቹ ብዛት ከእነዚህ በኋላ ይታያሉ።

ካታሎግ ሌላ፣ የሰነድ ማከማቻ ሌላ

ብዙ ድካም የሚባክነው ሁለቱን ባለመለየት ነው። ኮሃና ስሊምስ የቤተ መጻሕፍት አስተዳደር ሥርዓቶች ናቸው፤ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ነው፣ እነሱ የሚይዙት ስለ መጽሐፉ ያለውን መረጃ ነው። የትኛው ቅጂ የት እንዳለ፣ ማን እንደተዋሰው፣ መቼ እንደሚመለስ ያውቃሉ። ዲስፔስ ደግሞ ፋይሉን ራሱን ያስቀምጣል፦ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የጥናት ሪፖርት፣ የጉባኤ ጽሑፍ። ማዋስና መመለስ የሚባል ነገር አያውቅም። ኮሃ ላይ ፒዲኤፍ ማያያዝ ይቻላል፤ ነገር ግን አንባቢው ፒዲኤፉ ውስጥ ያለ ቃል ቢፈልግ አያገኝም።

ስለዚህ የአንድ ሳምንት ሥራችሁን ተመልከቱ። ከጠረጴዛው ላይ የሚያልፈው አብዛኛው መጽሐፍ ከሆነ የምትፈልጉት አስተዳደር ሥርዓት ነው። አንባቢ የሚጠይቃችሁ «የ2008 ዓ.ም. ሪፖርት በሶፍት ኮፒ አላችሁ?» እያለ ከሆነ ማከማቻ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ በዲስፔስ የተሠራ ስለሆነ ከመወሰናችሁ በፊት ገብታችሁ እንዴት እንደሚፈለግበት ማየት ትችላላችሁ።

ኤክሴል፦ እስከ የት ድረስ?

ማዋስ የሌለበት፣ ከ1,500 መጽሐፍ የማይበልጥ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚጽፍበት ስብስብ ከሆነ ኤክሴል በቂ ነው፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። ችግር የሚመጣው ሁለት ሰው በሁለት ኮምፒውተር ላይ የየራሱን ቅጂ ሲያስተካክል ነው። ከወር በኋላ የትኛው ፋይል ትክክለኛው እንደሆነ የሚያውቅ አይገኝም።

በኤክሴል ለመጀመር ሦስት ነገር አስቀድሙ። የአይኤስቢኤን (የመጽሐፉ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) እና የባርኮድ ዓምዶችን ከመጻፋችሁ በፊት «ቴክስት» አድርጓቸው፤ አለበለዚያ 13 አኃዝ ያለው ቁጥር በሳይንሳዊ አጻጻፍ አጥሮ ይታያል፣ በዜሮ የሚጀምረውም ዜሮውን ያጣል። አንድ ሕዋስ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይግባ፤ ሁለት ደራሲ ካለ ሁለት ዓምድ። ወደ ሌላ ሥርዓት ስታወጡም «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጡ፤ ሲኤስቪ ሠንጠረዥን በኮማ የተለየ ተራ ጽሑፍ አድርጎ የሚያስቀምጥ ፋይል ነው፣ ዩቲኤፍ-8 ደግሞ አማርኛን ጨምሮ የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዝ ኮድ ነው። ተራውን ሲኤስቪ ከመረጣችሁ የአማርኛው ፊደል በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆንና አይመለስም።

ስሊምስ

ስሊምስ በ2007 እ.ኤ.አ. ጃካርታ ላይ በኢንዶኔዥያ የትምህርት ሚኒስቴር ቤተ መጻሕፍት የተጀመረ ነው። በፒኤችፒ (የፕሮግራም ቋንቋ) እና በማይኤስኪውኤል (ዳታቤዝ) ስለተሠራ ዊንዶውስ ላይ የሚያስፈልገውን አብሮ የያዘውን ዛምፕ በመጫን በግማሽ ቀን ይነሳል፤ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ተራ ኮምፒውተር ይበቃዋል። ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው ለሌለው የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ የኮምፒውተር አስተማሪው ሊያስተዳድረው ይችላል። የመመዝገቢያው ቅጽም አጭር ነው፦ ርዕስ፣ ደራሲ፣ እትም፣ አሳታሚ፣ የመደብ ቁጥር፣ ቅጂዎች።

ድክመቱ ማርክ 21ን (የመጽሐፍ መረጃ በቁጥር በተሰየሙ መስኮች የሚጻፍበትን ዓለም አቀፍ ደረጃ) እንደ መሠረታዊ ቅርጹ አለመያዙ ነው። ነገ ወደ ኮሃ ብትሄዱ መረጃውን በሲኤስቪ አውጥቶ እያንዳንዱን ዓምድ ከማርክ መስክ ጋር ማዛመድ ይጠበቅባችኋል። ለ5,000 መዝገብ የሚቻል ሥራ ነው፤ ለ50,000 ከባድ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው የፍለጋ ጉዳይ ነው። የማይኤስኪውኤል የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ አጫጭር ቃላትን ኢንዴክስ (ፍለጋው የሚያይበት የቃላት ማውጫ) ውስጥ አያስገባም። ነባሪው ዝቅተኛ ርዝመት የማይኤስኪውኤል የሠንጠረዥ ዓይነት በሆነው በማይኢሳም 4 ፊደል፣ በሌላው ዓይነት በኢኖዲቢ 3 ፊደል ነው። ለእንግሊዝኛ ብዙም አይጎዳም። በአማርኛ ግን «ሕግ»፣ «ጤና»፣ «ውሃ» ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው፤ «ታሪክ» ሦስት ነው። ስለዚህ ፍለጋው በዚህ ኢንዴክስ የሚሠራ ከሆነ «ትምህርት» ብሎ የፈለገ ያገኛል፣ «ሕግ» ብሎ የፈለገ ባዶ ገጽ ያያል፤ ቤተ መጻሕፍቱ የሕግ መጽሐፍ የሌለው ይመስላል። መፍትሔው የዳታቤዙን ማዋቀሪያ ፋይል ከፍቶ ዝቅተኛውን ርዝመት 2 ማድረግ፣ ዳታቤዙን አስነስቶ ኢንዴክሱን እንደገና መገንባት ነው። ኢንዴክሱን ሳይገነቡ ቁጥሩን ብቻ መለወጥ ምንም አያመጣም።

ኮሃ

ኮሃ የተጻፈው በ1999 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ውስጥ ለሆሮዌኑዋ ቤተ መጻሕፍት ነው። አሮጌው ሥርዓታቸው የ2000ን መግቢያ የማይሻገር ስለነበር በጥር 2000 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ አዋሉት። ማርክ 21ን በሙሉ ይይዛል፣ ቅርንጫፎችን ለይቶ ያስተዳድራል፣ ግዢንና መጽሔትን ይከታተላል፣ ገጹም የአማርኛ ትርጉም አለው (ያልተተረጎመው ክፍል በእንግሊዝኛ ይታያል)። መረጃው በአይኤስኦ 2709 ወይም በማርክ ኤክስኤምኤል (ሁለቱም የመዝገብ መለዋወጫ ቅርጾች ናቸው) እንዳለ ይወጣል። ከሦስተኛው መለኪያ አንጻር የሚወዳደረው የለም።

ዋጋው ሌላ ቦታ ይከፈላል። ሰርቨሩ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነቶች) ነው፤ ዊንዶውስ ላይ አይጫንም። ከ10,000 እስከ 30,000 መዝገብ ላለው ቤተ መጻሕፍት 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ዲስክ ያዙ። አዲስ እትም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦትና በኅዳር አካባቢ ይወጣል፤ ሦስት ዓመት ሳያሻሽል የቆየ ሰው በአንድ ቀን ሊያሻሽል ሲሞክር መጀመሪያ የሚጋጨው ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እርጅና ጋር ነው። ሊኑክስ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ካላችሁ ገና ሁለተኛ ሰው ሳታሠለጥኑ አትጀምሩት።

ኮሃን የጫኑ ሰዎች የሚደናቀፉባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። የመጀመሪያው የመግቢያ ገጽ የሚጠይቀው የዳታቤዙን ተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ነው፤ ይህም በኮሃ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። የሠራተኞች ገጽ በሌላ ፖርት (ብዙ ጊዜ 8080) እንዲከፈት ካደረጋችሁ አፓቼ (ገጹን የሚያቀርበው የዌብ ሰርቨር) ያንን ፖርት እንዲያዳምጥ ለብቻው ካልተነገረው ገጹ አይመጣም። መጽሐፍ በጅምላ ስታስገቡ ደግሞ መዝገቡ ገብቶ ቅጂው የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ በ952 መስክ የተጻፈው የቅርንጫፍ ኮድ በሥርዓቱ ካለው በአንድ ፊደል ቢለይ ወይም ባርኮዱ ቀድሞ ተይዞ ከሆነ ቅጂውን አይቀበልም።

ነባሩ የመመዝገቢያ ቅጽ በመቶ የሚቆጠር መስክ ይዘረግፋል፤ አዲስ ሠራተኛ ያስደነግጣል። አጭር ቅጽ አዘጋጁ፦ 020 (አይኤስቢኤን)፣ 041 (ቋንቋ)፣ 082 (የመደብ ቁጥር)፣ 100 (ደራሲ)፣ 245 (ርዕስ)፣ 250 (እትም)፣ 264 (አሳታሚና ዓመት)፣ 300 (የገጽ ብዛትና መጠን)፣ 500 (ማስታወሻ)፣ 650 (ርዕሰ ጉዳይ)፣ 700 (ተጨማሪ ደራሲ)፣ 942 (የኮሃ የዕቃ ዓይነት)። መሪውን መስመርና 008ን (ዓመትንና ቋንቋን በኮድ የሚይዘውን መስክ) አትሰርዙ፤ የቅጂው 952ም በራሱ ገጽ ይሞላል።

በዜድ 39.50 (የሌላ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ውስጥ ፈልጎ መዝገብ መቅጃ ደንብ) ከአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ መቅዳት ለእንግሊዝኛ መጻሕፍት ትልቅ እፎይታ ነው። ለአማርኛ ግን አትመኩበት። መዝገቦቹ የሚጻፉበት የቆየው የማርክ-8 የፊደል ኮድ የግዕዝ ፊደልን ስለማያካትት የአማርኛ መጻሕፍት መዝገብ በላቲን ፊደል፣ ከላይና ከታች ምልክት እየታከለበት የተጻፈ ነው። ያንን የሚፈልግ አንባቢ አራት ኪሎ ላይ አይገኝም። መዝገቡን ከወሰዳችሁ ርዕሱንና ደራሲውን በፊደል ጻፉት፤ የላቲኑን ማቆየት ከፈለጋችሁ ሁለቱን በ880 መስክ (በሌላ ፊደል የተጻፈውን በሚይዘው) አገናኙ። ብዙ የቆዩ የአገር ውስጥ መጻሕፍት አይኤስቢኤን የላቸውም፤ የኢትዮጵያ ቁጥር የሚጀምረው በ99944 (በ13 አኃዙ 978-99944) ነው።

ዲስፔስ፣ ሌሎችም

ዲስፔስ በ2002 እ.ኤ.አ. የኤምአይቲና የኤችፒ ሥራ ሆኖ ወጣ። ከ7ኛው እትም (2021) ጀምሮ የፊቱ (አንባቢው የሚያየው ገጽ) እና የኋላው (መረጃውን የሚያስተናግደው) ክፍል ተለያይተዋል፤ ሁለት አገልግሎት፣ ፖስትግሬስ ዳታቤዝና ሶለር (የፍለጋ ሞተር) በአንድነት መሥራት አለባቸው። ከ8 ጊጋባይት ራም በታች አትሞክሩት። ሰነዱ ዝም ብሎ በስካነር የተነሳ ምስል ከሆነ ውስጡ አይፈለግም፤ መጀመሪያ በኦሲአር (ምስልን ወደ ጽሑፍ በሚለውጥ ፕሮግራም) ጽሑፍ ይሁን። ነፃው የኦሲአር ፕሮግራም ቴሰራክት አማርኛ ያነባል፣ በታይፕራይተር የተጻፈና የደበዘዘ ገጽ ላይ ግን ብዙ ይሳሳታል። ከዩኒኮድ (የሁሉም ቋንቋ ፊደላት የጋራ ኮድ) በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፒዲኤፍም ያታልላል፦ ለዓይን ጥሩ አማርኛ ነው፣ ቀድታችሁ ስትለጥፉት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ነው። ፍለጋውም የሚያየው ያንኑ ነው።

ኤቨርግሪን የሚባለው ሌላ የቤተ መጻሕፍት አስተዳደር ሥርዓት በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት ቤተ መጻሕፍትን በአንድ ካታሎግ ለማገናኘት የተሠራ ነው። በደርዘን የሚቆጠር ቅርንጫፍ ከሌላችሁ እለፉት። የአገር ውስጥ ድርጅት የሚሠራላችሁን ሥርዓት የምትመርጡ ከሆነ ደግሞ ውሉ ላይ አራት ነገር ይጻፍ፦ መረጃው በማርክ ወይም በዩቲኤፍ-8 ሲኤስቪ ከነቅጂ ዝርዝሩ የሚወጣበት ቁልፍ፣ የዳታቤዙ የይለፍ ቃል በእናንተ እጅ መሆን፣ የምንጭ ኮዱ ርክክብ፣ የሁለት ሠራተኞች ሥልጠና። ውሉ ላይ ያልሰፈረውን በኋላ መጠየቅ ልመና ነው።

አማርኛው የሚፈተንበት

የትኛውም ሥርዓት «አማርኛ ይቀበላል» ሲባል መጻፍ ማለት ነው ወይስ መፈለግ ብላችሁ ጠይቁ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ መጻፉ አያስቸግርም። ፍለጋው ነው ጉዱ። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን ውሰዱ፦ ሥ ወይም ስ፣ ጽ ወይም ፅ፣ ሑ ወይም ሁ ወይም ኁ ሲባዛ 12 አጻጻፍ ነው። ሁለቱ ቃላት በክፍት ቦታ፣ በሰረዝ ወይም ተጣብቀው ሲጻፉ 36 ይደርሳል። ካታሎግ ሠራተኛው በአንዱ ይጽፋል፣ ተማሪው በሌላው ይፈልጋል፣ ኮምፒውተሩ ሁለቱን ፍጹም የተለያዩ ቃላት አድርጎ ያያል። ከላይ ያሉት ሥርዓቶች አንዳቸውም እንደወረዱ ይህን አይፈቱም።

ኮሃና ዲስፔስ ግን እንዲፈቱት ማድረግ ይቻላል። የኮሃ የፍለጋ ሞተሮች በሆኑት በኢላስቲክሰርች ወይም በዜብራ፣ ወይም በዲስፔሱ ሶለር የአይሲዩ (የዩኒኮድ ፊደል ማስተናገጃ) ማዋቀሪያ ላይ ፊደል የሚያመሳስል ሕግ ይጻፋል፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ለ7ቱ ቤቶች ሲጻፍ 35 መስመር ነው። ራብዑ ከግዕዙ ጋር በድምፅ ስለሚገጥም ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ የሚሉ 2 መስመሮች ይጨመሩ፤ በራብዑ ረድፍ ያሉት ሓ፣ ኃና ዓም በዚያው ወደ ሀና አ ይሂዱ። ይህ ሕግ የሚሠራው ኢንዴክሱ ላይ ብቻ ነው፤ መዝገቡ ላይ ያለው የደራሲው አጻጻፍ አይነካም። ከለውጡ በኋላ ኢንዴክሱ ከመጀመሪያው ይገንባ። ዜብራን የምትጠቀሙ ከሆነ ለግዕዝ ፊደል አይሲዩን እንጂ ሲኤችአር የሚባለውን አማራጭ አትምረጡ።

ይህን የሚሠራ ሰው ከሌለ ደግሞ በእጅ ይሠራል፦ ርዕሱን በሽፋን ገጹ እንዳለ በ245 ጻፉ፣ የተለመደውን ሌላ አጻጻፍ በ246 ጨምሩ። ስሊምስ ላይ ተለዋጩን በማስታወሻ ወይም በርዕሰ ጉዳይ ቦታ ማስገባት ይቻላል።

ስም ላይ ደግሞ የውጭ ልማድ አትከተሉ። የደራሲው ስም «አበበ ከበደ» ከሆነ መግቢያው አበበ ነው፤ በ100 መስክ የመጀመሪያው አመልካች (ስሙ በምን እንደሚጀምር የሚናገረው አኃዝ) 0 ይሁን። 1 አድርጎ «ከበደ፣ አበበ» ብሎ የገለበጠ ቤተ መጻሕፍት አንድን ደራሲ በሁለት ቦታ ይበትናል።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ይታሰብበት። 2010 ዓ.ም. ከመስከረም 2017 እስከ መስከረም 2018 እ.ኤ.አ. ያለው ነው። በ264 መስክ ዓ.ም. የሚለውን ሳትተዉ መጽሐፉ ላይ ያለውን ጻፉ፣ የፈረንጁን በቅንፍ አስከትሉ። በ008 ውስጥ ያለው ኮድ ግን አንድ ዓመት ብቻ ይቀበላል። ወሩ ካልታወቀ 8 የመጨመር ደንብ አውጡ፤ ከዓመቱ 365 ቀን 253ቱ የሚውለው በኋለኛው የፈረንጅ ዓመት ነው። 2010 ብሎ እንዳለ የተወ ሰው አዲሱን መጽሐፍ በዝርዝሩ ከሰባት ዓመት በላይ ያስረጀዋል።

የመመለሻ ቀን የሚሰላበት የበዓላት ሰሌዳም ይሳሳታል። ኮሃ ላይ እንቁጣጣሽን «በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11» ብላችሁ ከመዘገባችሁ በዘመነ ዮሐንስ ይዛባል፤ 2016 ዓ.ም. የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን ነበር። በዚያው ዓመት መስቀል 28፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ላይ ዋሉ። 2020 ዓ.ም. እንዲሁ ይሆናል። ገና ጃንዋሪ 7፣ ዓድዋ ማርች 2 ላይ ይጸናሉ። ፋሲካን፣ ዒዶችንና መውሊድን በየዓመቱ በእጅ አስገቡ።

ባርኮድ፣ መብራት፣ የድሮ መረጃ

ባርኮዱን ቁጥር ብቻ አድርጉት። የባርኮድ ማንበቢያ ለኮምፒውተሩ ኪቦርድ ማለት ነው፤ ሠራተኛዋ የአማርኛ ኪቦርድ ከፍታ እያለ ፊደል ያለበትን ባርኮድ ብታነብ ላቲኑ ወደ ፊደል ይለወጥና «መጽሐፉ አልተገኘም» ይላል። የመደርደሪያ መለያ በኮሃ ስታትሙ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከወጣ በማዋቀሪያ ፋይሉ የተጠቀሰው ደጃቩ ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው፤ መንገዱን አቢሲኒካ የተባለው የግዕዝ ፎንት ወዳለበት አዙሩ።

ሰርቨሩን በራሳችሁ ግቢ አስቀምጡ፤ ኔትወርክ ቢቋረጥም በውስጥ መስመር ማዋስ ይቀጥላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ በዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝቶ በሥርዓት እንዲያጠፋው አድርጉ። ማታ ሰርቨር የሚያጠፉ ቤተ መጻሕፍት ባክአፕና የዘገየ መጽሐፍ ማስታወቂያ በሌሊት እንዲሠሩ ሰዓት የተያዘላቸው መሆናቸውን ይረሳሉ፤ ወይ አታጥፉት፣ ወይ የሚሠሩበትን ሰዓት ወደ ቀን አምጡት። የአባላትን መረጃ በተመለከተ ከሚያስፈልገው በላይ አትጠይቁ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ኮሃም የተመለሰ መጽሐፍን ከተዋሰው ሰው ስም የሚያላቅቅ አሠራር አለው።

ዩኔስኮ ያሰራጨው ሲዲኤስ አይሲስ የተባለ የቆየ የካታሎግ ፕሮግራም ላይ የተመዘገበ የቆየ መረጃ ያላችሁ አዲስ አትጻፉ። በአይኤስኦ 2709 አውጡት፣ አማርኛው በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ለዩ። ፎንት መቀየር ፊደሉን ዩኒኮድ አያደርገውም፤ እያንዳንዱ የድሮ ፎንት የራሱ የኮድ ሠንጠረዥ ስላለው ለዚያው ፎንት የተሠራ መለወጫ ያስፈልጋል። 50 መዝገብ ለውጣችሁ ከመጽሐፉ ጋር አስተያዩ፣ ከዚያ የቀረውን። ካርድ ብቻ ላላችሁ ደግሞ ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ፦ አንድ ሰው በቀን 40 ይመዘግባል ብትሉ 10,000 መጽሐፍ 250 የሥራ ቀን ይወስዳል።

ከመወሰን በፊት፦ የ30 መጽሐፍ ሙከራ

ሁለት ሥርዓት ምረጡና በየአንዳንዳቸው እነዚሁኑ 30 መጻሕፍት መዝግቡ፦ 10 አማርኛ (ግማሾቹ አይኤስቢኤን የሌላቸው)፣ 5 እንግሊዝኛ፣ 5 በአንድ ርዕስ ብዙ ቅጂ ያላቸው፣ 3 ባለ ብዙ ቅጽ፣ 3 መጽሔት፣ 2 የግዕዝ፣ 2 ዓመተ ምሕረታቸው ያልተጻፈ። መዝጋቢው ሥርዓቱን የጫነው ሰው አይሁን። ከዚያ «ሕግ»፣ «ታሪክ»፣ «ስነፅሁፍ»፣ «ጸሀይ» ብላችሁ ፈልጉ፤ አንድ መጽሐፍ አውሱ፣ መልሱ፣ አራዝሙ። በመጨረሻ 30ውን አውጥታችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሥርዓት ውስጥ መልሱ። 30 ወጥቶ 27 የሚገባ ከሆነ፣ ወይም ቅጂዎቹ ከርዕሳቸው ተለይተው ከቀሩ፣ ችግሩን አሁን ፍቱት።

የመረጃ ሳይንስ ተማሪ ከሆናችሁ ስሊምስን በላፕቶፓችሁ በዛምፕ፣ ኮሃን በቨርቹዋልቦክስ ላይ ዴቢያን ጭናችሁ (4 ጊጋባይት ራም ስጡት) ይህንኑ ሙከራ አድርጉ። የአይሲዩ ማመሳሰያውን 37 መስመር ጽፎ ያሠራ ተማሪ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ሌላ ርዕስ ማሰስ አያስፈልገውም፤ መስመሮቹንም ከኮሃ ወደ ዲስፔስ ቅርጻቸውን ብቻ ለውጦ ሊወስዳቸው ይችላል።